የመድኃኔዓለም ተረኛ

የታሰርኩት በአንድ ጥያቄ ነው። መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ሠራተኛ ሁሉ እንዲገኝ የታዘዘበት ስብሰባ ነበር። እጄን አወጣሁና ተማሪዎቼ ትምህርት ቤት መምጣት የፈሩት ለምን እንደሆነ ብጠይቅ፣ መድረኩ ላይ የነበሩት ሰው ፈገግ ብለው "ጥያቄው ተይዟል" አሉኝ። በማግስቱ እኔም ተያዝኩ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የእኔ ራስ ከተመለጠ ቆይቷልና አፌን ልጠብቅ ይገባኝ ነበር።

ያስገቡኝ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ የእህል መጋዘን ነው። በሩ ሲከፈት ቀድሞ የተቀበለኝ ሽታው ነበር፤ የከረመ ገብስ፣ ማዳበሪያ፣ የሰው እግር። መስኮት የለውም። መሐል ለመሐል በቆርቆሮ ከፍለው ሁለት ክፍል አድርገውታል። ወዲያኛው ክፍል ያለ ሰው ሲያስል፣ ሲያዛጋ፣ ሲጸልይ እኛ ዘንድ ይሰማል፤ መነጋገር ግን ክልክል ነው። የመንዝ ውርጭ ሌሊቱን ጣሪያው ላይ ያድርና ጠዋት ፀሐይ ሲነካው አናታችን ላይ ይንጠባጠባል። የቆዩት እስረኞች የት የት እንደሚንጠባጠብ ስለሚያውቁ ለአዲስ ገቢ የሚተውት ቦታ ደረቅ ሆኖ አያውቅም። እኔም እርጥቡን ወረስኩ።

በስተቀኜ አንድ ቄስ፣ በስተግራዬ አንድ ወንጌላዊ ነበሩ። ቄሱ ስልሳን ያለፉ፣ ጥምጥማቸው አቧራ ቢጠጣም በየማለዳው ፈትተው እንደገና የሚጠመጥሙ የገጠር ካህን ናቸው። ወንጌላዊው አርባ የሞላው ሰው ነው፤ ከበግ ጠጉር ባና እየሸመነ ይተዳደራል፣ እሁድ እሁድ ደግሞ ለጥቂት ቤተሰቦች ይሰብካል። ሁለቱም የታሰሩት ሰዓት እላፊ ጥሳችኋል ተብለው ነው። ቄሱ ለሌሊት አገልግሎት ደወል አስደውለው፣ ወንጌላዊው ለጸሎት ሰው ሰብስቦ። የሚስማሙት በዚህ ብቻ ነበር።

ሙግታቸው አንድ ነው፤ በየቀኑ ከተውበት ይቀጥላል። የዳነ ሰው ሊጠፋ ይችላል ወይስ አይችልም? ወንጌላዊው እንደሚለው ምርጫው የእግዚአብሔር ነው። ዓለም ሳይፈጠር የመረጠውን ሰው፣ በዓለም ያለ ኃይል ከእጁ አይነጥቅበትም። ቄሱ ይህን ሲሰሙ መቋሚያ ባይኖራቸውም መሬቱን በእጃቸው ይመቱታል። እግዚአብሔር የሚጠራው ሁሉንም ነው ይላሉ፤ መጥራት የሱ፣ መጽናት የኛ። መንገድ ላይ የቀረ ሰው ተጠርቼ ነበር ብሎ አይከስስም።

"በግ ቢጠፋ የሚወቀሰው እረኛው ነው ወይስ በጉ?" ይላል ወንጌላዊው።

"አንተ የምታውቀው ጠጉሩን ነው" ይላሉ ቄሱ። "በግ ሲኮበልል አይተህ ቢሆን ይህን አትጠይቅም ነበር።"

ክፍሉ ይስቃል። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ። ሁለት ሰዎች ከአንድ መጽሐፍ ተነስተው ሁለት መልስ ሲያወጡ አንዱ ስሌት ላይ ስህተት አለ ብዬ ነበር የማስበው፤ ግን አንዱ ሲናገር እሱ ልክ ይመስለኛል፣ ሌላው ሲመልስ ደግሞ ሌላው። ደግነቱ ክርክሩ ቂም አልነበረውም። ቄሱን ብርድ ሲያንዘፈዝፋቸው ወንጌላዊው ባናውን ከላዩ ገፎ ይደርብላቸዋል። እሳቸውም ተጠቅልለው "ይህ አስቀድሞ የተወሰነ ነው ወይስ አሁን ያሰብከው?" ብለው ያሾፉበታል።

በሩ አጠገብ አንድ ገበሬ ይቀመጥ ነበር። አገሩ ጓሳ አፋፍ ነው። ረጅም፣ ከንፈሩ በብርድ የተሰነጠቀ፣ ሰላምታ ከመመለስ በቀር የማይናገር ሰው። እግሩን ገርፈውት አብጦ ስለነበር ቄሱ ጨርቅ በውሃ እየነከሩ ይጠቀልሉለታል። በምን እንደታሰረ ስንጠይቀው "በአፌ" አለ። ሁላችንም በአፋችን የታሰርን ስለነበርን ከዚያ በላይ አልጠየቅነውም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዳቦ ተካፍለን እየበላን፣ ሁለቱ ደግሞ እንደልማዳቸው እረኛና በግ ላይ ደርሰው ሳለ፣ ይህ ሰው ወደ ወንጌላዊው ዞረ።

"ወንድሜ፣ ይሁዳስ?" አለው። "እሱም ከአሥራ ሁለቱ ጋር ተመርጦ አልነበረም?"

ወንጌላዊው አዲስ ሰሚ በማግኘቱ ፊቱ በራ። "ከነሱ ጋር ተቆጠረ እንጂ ከነሱ ወገን አልነበረም" አለ። "ከመጀመሪያውም የጌታ አልነበረም። የጌታ የሆነ አይጠፋምና።"

ገበሬው ገባኝ እንደማለት ራሱን ነቀነቀ። የያዘውን ዳቦ ቄሱ ጉልበት ላይ አስቀመጠና ወደ በሩ ዞሮ ተቀመጠ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እህል አልቀመሰም።

በመጀመሪያው ቀን አሞት ነው ብለን ተውነው። በሁለተኛው ቀን ቄሱ አጠገቡ ሄደው ቁጭ አሉና ሱባዔ ይዞ እንደሆነ ጠየቁት። እሱም ነገሩን ነገራቸው፤ በሹክሹክታም አይደለም፣ ሁላችንም እየሰማን ነው የነገራቸው። ጫካ የገቡ ሰዎች በሌሊት በመንደራቸው አልፈው ነበር። ያበላቸው ሰው ይፈለግ ተባለ። ያ ሰው ቀየት በሚባል አገር እህቱ ዘንድ መሸሸጉን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። እግሩን ሲገርፉት መጀመሪያ አላውቅም አለ፣ ኋላ ግን ተናገረ።

"አሳልፌ የሰጠሁት ሰው አበልጄ ነው" አለ። "የልጄ የክርስትና አባት። አሁን እዚያ ነው ያለው።" በአገጩ ወደ ቆርቆሮው አመለከተ።

በእኛ አገር አበልጅ ከወንድም ይቀርባል። ወንድም በመሬት ይካሰሳል፣ በውርስ ይኳረፋል፤ በአበልጅ ላይ ግን ክፉ ቃል መናገር እንኳ ነውር ነው። የወንጌላዊው ፊት አመድ መሰለ።

"እኔ የተናገርኩት ስለ ይሁዳ ነው" አለ።

"እኔስ ስለማን ጠየቅኩህ?" አለው ገበሬው።

ቄሱ ቶሎ ብለው ጴጥሮስን አነሱ። ሦስት ጊዜ ካደ፣ አልቅሶ ተመለሰ፣ ከዚያም የሁሉ አለቃ ሆነ አሉት። ገበሬው በትዕግሥት ሰማቸው።

"ጴጥሮስ 'አላውቀውም' አለ እንጂ 'እዚያ ነው ያለው' አላለም፣ አባቴ።"

ቄሱ እጁን ያዙት። ንስሐ ግባ፣ እኔ አለሁልህ አሉት። ንስሐው ከምን እንደሚጀምር ጠየቃቸው። ሊዋሹት ይችሉ ነበር፤ ጥቂት ቢዋሹት ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን እውነቱን ነገሩት። የሚጀምረው የበደሉትን ሰው ከመታረቅ ነው፤ ከሱ በፊት መሠዊያ ፊት መቆም የለም።

"እንግዲያው ደጅ ቀርቻለሁ" አለና ጋቢውን ተከናነበ።

ሙግቱ ያን ቀን ቆመ። ወንጌላዊው ዳቦ ይዞ አጠገቡ እየሄደ ይቀመጣል፣ አልቀበል ሲለው ተመልሶ ይመጣል። አንድ ጊዜ እኔን "ስለተመረጠ ሰው ነው የተማርኩት፤ ማን እንዳልተመረጠ እኔ አላውቅም፣ ለምን እንዳወቀ ሰው ተናገርኩ?" አለኝ። እውነቱን ለመናገር ሁለቱንም ጠልቻቸው ነበር። አንዱ የማይከፈት በር፣ ሌላው ሊደረስበት የማይቻል በር አሳይተውት፣ ሰውየው በሁለቱ መሐል በረሃብ ሊሞትብን ነው ብዬ ተናድጄ ነበር። ውሃ እንኳ የሚጠጣው ቄሱ በእግዚአብሔር ስም ገዝተው ሲያስጠጡት ብቻ ነው።

በዚህ መሐል አንድ ጠባቂ ወዲያኛውን ክፍል ከፍቶ ከነገ ወዲያ ጠዋት ወደ ደብረ ብርሃን እንደሚሄዱ፣ ልብሳቸውን እንዲያዘጋጁ ሲነግራቸው በቆርቆሮው ሰማን። ከደብረ ብርሃን ደግሞ ወዴት እንደሚወሰዱ የሚያውቅ የለም። ገበሬውን አየሁት። ዓይኑን ጨፍኗል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ጠባቂዎቹ ወደ ግቢው በር ወጣ ሲሉ፣ ከቆርቆሮው ማዶ አንድ ድምፅ መጣ። የጎረነነ፣ የማይቸኩል ድምፅ ነው።

"አበልጅ።"

ገበሬው ቀና አለ።

"አበልጅ፣ ነገ ሃያ ሰባት ነው። የወሩ ተረኛ አንተ ነህ። ቀጥሎ እኔ ነኝ።"

ጠባቂ መጥቶ ቆርቆሮውን በዱላ መታውና ድምፁ ጠፋ። ያኔ ነው የገባኝ። ያ ሰው ይህን ሁሉ ቀን ቆርቆሮው ሥር ተቀምጦ ስለ እረኛውም፣ ስለ ይሁዳም፣ ስለራሱም የተባለውን ሰምቷል።

ነገሩ ማኅበር ነው። ሁለቱ ሰዎች በመንደራቸው የመድኃኔዓለም ማኅበርተኞች ናቸው። አሥራ ሁለት አባላት፣ በየወሩ በሃያ ሰባት፣ በተራ በአንዱ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ተረኛው ያበላል፣ ያጠጣል፣ ካህን ይባርካል። በመጨረሻ ተረኛው ጽዋውን ለሚቀጥለው ሰው ያስረክባል። የተጣላ ሰው ጽዋ አይሰጣጥም። ቂም ያለው ካለ ማኅበሩ አስታርቆ ነው የሚያሰናብተው፤ ሳይታረቅ የተቀበለም የሰጠም እንደ ከሃዲ ይቆጠራል። ይህን በእኛ አገር የማያውቅ የለም።

ገበሬው ግን የሰማው ሌላ ነው። "ዘለፈኝ" አለ። "ማኅበርተኛው ባዶ ቤት ሊመጣብኝ እንደሆነ ነው ያስታወሰኝ። ይገባኛል።"

እኔም እንደሱ ነበር ያሰብኩት። ደግሶ ማብላት ላልቻለ ሰው ተራህ ነው ማለት በእኛ ዘንድ ከስድብ ይቆጠራል። ቄሱ ግን በሁለት እጃቸው ትከሻውን ያዙት።

"ሰው የሚዘልፈውን አበልጅ ብሎ አይጠራም" አሉት። "ደግሞ 'ቀጥሎ እኔ ነኝ' ብሎሃል። ከማን እጅ ሊቀበል ነው?"

ገበሬው አያቸው። በጣም በቀስታ፣ "ተራዬን በምን ላውጣው?" አለ።

"በተገኘው" አሉ።

በማግስቱ የተገኘው ነገር ትንሽ ነበር። ስንቅ ይዘው የመጡትን ሴቶች ጠባቂው ከበር መለሳቸው። ቀድማ ደርሳ የገባላት የወንጌላዊው ሚስት ብቻ ናት፤ አንድ ሙሉ ድፎ ዳቦ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ልካለች። እኔ ካለፈው ስንቅ የተረፈ በሶ ነበረኝ። በሶውን ወዲያው ሰጠሁ። ዳቦውን ግን ማንም አልጠየቀም። ቄሱ ማንም እንዳይጠይቅ በዓይናቸው ከልክለው ነበር።

ምክንያቱን ሁላችንም እናውቃለን። ወንጌላዊው ማኅበር አይበላም። አባቱ የአንድ ማኅበር መሪ ነበሩ፤ ሃይማኖት ቀይሮ "አባዬ፣ ከእንግዲህ ጽዋ አልቀበልም" ያላቸው ቀን ከቤታቸው አስወጡት፣ እስኪሞቱም አላናገሩት። ለዚህ እምነቱ አባቱን ከፍሏል። የሱ ዳቦ ለማኅበር ተቆረሰ ቢባል ምእመናኑ ምን እንደሚሉትም ያውቃል።

ዳቦውን ጭኑ ላይ አድርጎ ብዙ ተቀመጠ። ከዚያ ተነሳና ገበሬው ፊት ቆመ።

"እኔ ከማኅበር የወጣሁት ወድጄ ነው" አለው። "አንተ ግን አልወጣህም። ይህ ዳቦ ከአሁን ጀምሮ ያንተ ነው። እኔ አልቀምስም፤ ሳልቀምስ ብቀርም አትቀየመኝ።"

ገበሬው ዳቦውን ተቀበለ። ለመቆም ሞክሮ እግሩ እምቢ ሲለው ተንበርክኮ ሳመው። ቄሱ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። የፕላስቲክ ጠርሙስ አንገቱ በጥርስና በጥፍር ተቆርጦ ጽዋ ሆነ፣ በሶው በውሃ ተበጠበጠ፣ ከላዩ በነጩ ጨርቅ ተሸፈነ። ወንጌላዊው አንድ ጥግ ይቆማል ብዬ ሳስብ ውሃ የያዘ ጣሳ አንስቶ እጃችንን ያስታጥበን ጀመር። ማኅበር ቤት እጅ የሚያስታጥበው የባለቤቱ ወገን ነው። ገበሬው እዚያ ወገን አልነበረውም፤ ወንጌላዊው ሆነለት።

ቄሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ባረኩ። ጸሎቱ ተፈጽሞ "ለወሩ ያድርሰን" ሲሉ እኛ አሜን አልን፤ ከቆርቆሮው ማዶም ብዙ ድምፅ አሜን አለ። ጠባቂው በሩን አንዴ በእርግጫ መታ። ሁለተኛ አልመታም። እሱም ያገሩ ልጅ ነው፣ ቀኑን ያውቃል።

ገበሬው ዳቦውን በእጁ እየቆረሰ፣ በጉልበቱ እየዳኸ ለእያንዳንዳችን ሰጠን። ትንሽ ስለሆነ ይቅርታ ጠየቀን። ለራሱ አንድ ቁራሽ አስቀረ፣ አልበላውም። ቄሱ ቢለምኑትም ተረካቢው ሳይቀበል አልቀምስም አለ። ሲመሽ ጽዋውን ጉያው ውስጥ ይዞ ተኛ። እንቅልፍ የወሰደው ግን አይመስለኝም።

ሌላ ጊዜ ሁለቱ ክፍሎች ወደ ሽንት ቤት የሚወጡት በየተራ ነው። በዚያ ጠዋት ግን መኪናው ቀድሞ ስለመጣ ጠባቂዎቹ ተቻኩለው ሁላችንንም ግቢው ውስጥ አሰለፉን። መሬቱ በውርጭ ነጭ ሆኗል። ወዲያኛው ክፍል የነበሩትን ሁለት ሁለት እያደረጉ እጅ ለእጅ አስረዋቸዋል። አበልጁን ያወቅኩት ገበሬውን ስላየ ብቻ ነው። አጠር ያለ፣ አንድ ዓይኑ አብጦ የተዘጋ፣ ግራ እጁ ከአንድ ሽማግሌ ቀኝ እጅ ጋር የታሰረ ሰው ነው።

ገበሬው ብቻውን መራመድ አይችልም። ቄሱ በአንድ ብብቱ፣ ወንጌላዊው በሌላው ገቡና ከሰልፍ ወጡ። ግቢው ሁሉ አያቸው። አንድ ጠባቂ መሣሪያውን እያስተካከለ ወዴት ነው፣ ምንድን ነው የያዘው ብሎ ጮኸ።

"በሶ ነው" አሉ ቄሱ፣ ሳይቆሙ።

የጠባቂዎቹ አለቃ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን ነገር ሲያይ ግን ተወው። ፊቱን ወደ መኪናው አዙሮ ጎማ ያይ ጀመር።

ሁለቱ አበልጆች ፊት ለፊት ቆሙ። ገበሬው ጽዋውን ዘረጋ። አንገቱን ደፍቶ ስለነበር የሌላውን ፊት አላየም። እኔ ግን አይቻለሁ። ሰውየው ነፃ የሆነች ቀኝ እጅ ነበረችው፤ በሷ ብቻ ሊቀበል ይችል ነበር፣ ታስሯል ተብሎ ማንም አይወቅሰውም ነበር። እሱ ግን የታሰረውን እጁንም አነሳው፤ የሽማግሌው እጅ አብሮ ተነሳ። በሁለት እጁ፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ተቀበለ። ጨርቁን ገልጦ ጽዋውን ሳመ፣ ጠጣ፣ አብሮት የታሰረውንም ሽማግሌ አጠጣው።

"ለወሩ ያድርሰን" አለ። ገበሬው አንገቱን እንደደፋ ነበር፤ አሜን ያልነው እኛ ነን። ከዚያ ሰውየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ "የክርስትና ልጄን ሳምልኝ" አለው። ጠባቂዎቹ ገፉት፣ መኪናው ላይ ወጣ።

ወደ ክፍላችን ስንመለስ ገበሬው ያስቀረውን ቁራሽ ከጋቢው ጫፍ ፈታ። ደርቋል። እያለቀሰ በላው፤ እኛም ሲበላ እያየን አለቀስን። ወንጌላዊው ከሁላችንም በላይ አለቀሰ።

ሙግቱ ከጥቂት ቀን በኋላ ተመልሶ ተጀመረ። ወንጌላዊው "አዩ አባ፣ ጌታ የያዘውን አልጣለውም" አለ። ቄሱ "በተገረፈ እግሩ ሄዶ ነው የሰጠው፣ ተኝቶ አይደለም" አሉ። ሁለቱም ያንኑ ጠዋት አይተው፣ ሁለቱም የየራሳቸውን ማስረጃ ይዘው ተመለሱ። ዛሬም ቢሆን በገበያ ቀን መሐል ሜዳ ሲገናኙ ይህንኑ ያነሳሉ፣ እኔንም ዳኛ ያደርጉኛል። አልፈርድም። ማን ከጥንት እንደተመረጠ፣ ማን እስከ መጨረሻ እንደሚጸና ለማወቅ የሚያስችል እውቀት የለኝም። ወንጌላዊው ግን አንድ ነገር ለውጧል፤ ስለ ይሁዳ ሲጠይቁት አላውቅም ይላል።

ከዚያ ሁሉ ይልቅ የሚመላለስብኝ ከተፈታሁ በኋላ የሆነው ነው። ገበሬውም እንደኔ ተፈቶ ነበር። ቀጣዩ ሃያ ሰባት ሲቃረብ በእግሩ እያነከሰ ቤቴ መጣ። ተራው የአበልጁ ነው፤ የተወሰደው ሰው ግን የት እንዳለ እስከዛሬም አልታወቀም። ሚስቱ ጽዋው በባሌ ቤት ሳይጠጣ አያልፍም ብላ ጠምቃለች። እሱን ግን ደጄን እንዳይረግጥ ብላለች። ባልሽ ከእጄ ተቀብሏል ቢላት "ከአንተ አፍ የወጣውን አንዴ አይቻለሁ" አለችው። ቄሱ ያኔ አልተፈቱም፤ ወንጌላዊውን ደግሞ ለማኅበር ቤት ምስክር ማቅረብ አይሆንም። ቀረሁ እኔ።

አብረን ወደ ጓሳ አፋፍ ሄድን። እሱ አጥሩ ውጭ ቆመ፣ እኔ ገባሁ። ማኅበርተኞቹ ተቀምጠዋል። ሴትዮዋ ማሰሮ እንደያዘች ቆማ፣ ከውርጩ ጀምሮ እስከ መኪናው ድረስ ያየሁትን ስነግራት ሰማችኝ። አላለቀሰችም። ስለ ዓይኑ ጠየቀችኝ፣ እንዳበጠ ነገርኳት። ልብስ ደርቦ እንደነበር ጠየቀችኝ፣ ደርቦ ነበር አልኳት።

"ጽዋውን የተቀበለው በአንድ እጁ ነው ወይስ በሁለት?" አለችኝ።

"በሁለት እጁ ነው" አልኳት። "አንደኛው ከሌላ ሰው ጋር ታስሮ ነበር። የሰውየውን እጅ ጭምር አንስቶ ነው የተቀበለው።"

ማሰሮውን መሬት አስቀመጠች። ባሏ ይቀመጥበት ከነበረው መደብ አጠገብ ያለውን ቦታ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

"እንግዲያው ውጭ ለምን ይቆማል?" አለች። "ይግባ።"

ወጥቼ ጠራሁት።